የአርሲ ነገሌ አረቄ፤ ስም አለው፣ መለያ የለውም

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የወረደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ መቂን፣ ዝዋይን (የአሁኗን ባቱ) እና ቡልቡላን ያልፋል፤ በግራ ላንጋኖን፣ በቀኝ አቢጃታን ትቶ ይሄዳል። ከዚያ መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። ሻሸመኔ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር አርሲ ነገሌ ናት። እዚህች ከተማ ላይ መኪና ሲቆም ከሚጫነው ዕቃ መካከል ቢጫ ጀሪካን አይጠፋም። በውስጡ ዘይት ያለ የሚመስለው ለመንገዱ እንግዳ የሆነ ሰው ብቻ ነው።

ጀሪካኑ አዲስ አበባ ይገባል። በየሠፈሩ ያለች የአረቄ ቤት ባለቤት መለኪያውን እየሞላች «የነገሌ ነው» ካለች ነገሩ አለቀ፤ ጠጪው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። በሰሜኑ መንገድ «የደብረ ብርሃን ነው» ማለት ያው ክብር አለው። የጎጃም ሰው ደግሞ ግብጦ አረቄውን ያነሳል።

ለመሆኑ «የነገሌ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ማንስ ነው ያረጋገጠው? ጀሪካኑ ላይ ወረቀት የለም፣ ያወጣችው ሴት ስም የለም፣ የእህሉ ዓይነትና የአልኮሉ መጠን አልተጻፈም። ስኮትላንዳዊው ውስኪውን፣ እንግሊዛዊው «ኤል» የሚለውን የጥንት ቢራውን ሲያቀርብልን ስለ መንደሩ፣ ስለ ውኃውና ስለ ገብሱ ያወጋናል፤ እኛም በአክብሮት ሰምተን እንቀምሳለን። የነገሌን አረቄ ግን ዓይን ጨፍኖ መጨለጥ እንጂ ቀምሶ ማውራት አልለመድንም። በእኔ እምነት ችግሩ ከአረቄው ይልቅ ከእኛ ነው። እንዴት እንደሚወጣ ያላወቀ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አይችልም፤ ገዢው የማይለየውን ደግሞ አምራቿ ተጨንቃ የምትሠራበት ምክንያት የላትም።

ላብ የተባለ መጠጥ

«አረቄ» የሚለው ቃል ከዓረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው። ትርጉሙ ላብ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አረቄ ሲወጣ አጠገቡ ቆሞ ያየ መሆን አለበት፤ ከፈላው ድፍድፍ የሚነሳው እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኘው ልክ እንደ ግንባር ላብ ጠብ ጠብ ይላል። የቱርኮቹ «ራኪ» እና የኢንዶኔዥያዎቹ «አራክ» የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። በእኛ ዘንድ ካቲካላም ይባላል።

ኡዞንና የአኒስ ሽታ ያላቸውን የፋብሪካ አረቄዎች እዚህ ላይ ለይተን እናስቀምጥ። እነሱ ከተጣራ አልኮል ተነስተው ሽታ የሚጨመርባቸው ናቸው። ካቲካላ ግን ሽታውንም ጣዕሙንም የሚያገኘው ከራሱ እህልና ከራሱ እሳት ነው።

የካቲካላ እውነተኛ ዘመድ ጠላ ነው፤ እንዲያውም እናቱ ማለት ይቻላል። የእንግሊዞቹን ነገር ያነሳሁትም ለዚህ ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ «ኤል» የሚባለው ከብቅል፣ ከውኃና ከእርሾ የሚጠመቅ፣ ሆፕ የተባለው መራራ አበባ ያልገባበት መጠጥ ነበር። ሆፕ የገባበትን ከባሕር ማዶ ከዛሬዎቹ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም አካባቢ የመጣ ነውና «ቢራ» ብለው ለዩት። በኋላ ሆፑ በሁሉም ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ከመራራው ወደ እርሾው ዞረ። ዛሬ ኤል የሚባለው ሞቅ ባለ ሙቀት በቶሎ የሚብላላው ነው፤ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ለሳምንታት የሚተኛው ላገር ይባላል። በየሆቴሉ የምንጠጣቸው የፋብሪካ ቢራዎቻችን በአብዛኛው ላገር ናቸው። ጓዳ ጥግ በጋን የሚፈላው ጠላችን በአሠራሩ ለኤል ይቀርባል። ስኮትላንዳዊው ሆፕ የሌለበትን የገብስ ጠላ አፍልቶ እንፋሎቱን ሲሰበስብ ውስኪ ያገኛል። የነገሌዋ እናት ደግሞ ድፍድፏን አፍልታ እንፋሎቱን ስትሰበስብ አረቄ ታገኛለች። በመርሕ ደረጃ አንድ ሥራ ነው።

ከብቅል እስከ ጠብታ

ሥራው የሚጀምረው ከብቅል ነው። ስንዴ ወይም ገብስ በውኃ ይነከራል፣ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪያጎነቁል ይቆያል፣ ከዚያ ደርቆ ይፈጫል። እህል ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ እርሾ ደግሞ ስታርችን መብላት አይችልም፣ የሚበላው ስኳርን ነው። ብቅሉ ከተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ጋር በውኃ ይበጠበጥና ለአራት ቀን ገደማ ይቀመጣል። ይህ ጥንስሱ ነው። ቀጥሎ ከበቆሎ፣ ከስንዴ፣ ከማሽላ ወይም ባለሙያዋ እንደ ገበያው ካገኘችው እህል ቂጣ ይጋገራል። ቂጣው ተቆራርሶ ጥንስሱ ውስጥ ይገባል፣ ውኃ ይጨመርበታል፣ ዕቃው ይከደናል። ሌላ አራት ቀን ገደማ ሲያልፍ ድፍድፉ ይደርሳል።

ቂጣው ለምን ይጋገራል? ዱቄቱን እንዲሁ መበጥበጥ አይሻልም ወይ? አይሻልም። ሙቀት ያልነካው ስታርች ለብቅሉ ኢንዛይም አልበገር ይላል፤ ሲጋገር ይፈታል። በዚያ ላይ ምጣዱ ላይ ጠቆር ያለው የቂጣ ገጽ ኋላ በመጠጡ ውስጥ የተጠበሰ ዳቦ የሚያስታውስ ሽታ ይተዋል። ጥሩ አረቄ ሲሸተት አፍንጫን የሚያቃጥለውን አልፎ የሚገኘው ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። ቂጣዋን ያሳረረች ግን በአረቄዋ ትታወቃለች።

የጌሾ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከጌሾ ቅጠል መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመው እ.ኤ.አ. በ1995 አሳትመዋል። ይህ ንጥረ ነገር ከስኳር ጋር የተጣበቀ ከባድ ሞለኪውል ስለሆነ ከእንፋሎት ጋር አይነሳም፤ ምሬቱ ድፍድፉ ውስጥ ይቀራል። ጠላ ጌሾ ጌሾ የሚለው፣ አረቄ ግን የማይመረው ለዚህ ነው። ታዲያ ጌሾው ምን ያደርጋል? ሥራው ከመፍላቱ በፊት ነው። ድፍድፉን የሚያሾመጥጡትን ባክቴሪያዎች ገታ ያደርግና ለእርሾው መንገድ ይጠርጋል። የስኮትላንዱ ጠማቂ በውስኪ ብቅሉ ውስጥ ሆፕ አይጨምርም፤ የእኛዋ ጌሾ ትጨምራለች። መጠጡን ባታመርበትም መጥመቂያውን ትጠብቅበታለች።

ቀጥሎ እሳቱ ይመጣል። ድፍድፉ በማሰሮ፣ ዛሬ ዛሬ በበርሜል፣ ይጣዳል። የማሰሮው አፍ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረግና ከጎኑ መቃ ወይም የብረት ቱቦ ይወጣል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ መቀበያ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ውኃው ሲሞቅ ይቀየራል፣ እንደገና ሲሞቅ እንደገና ይቀየራል። ከሁሉም የሚከብደው ግን እሳቱን በልክ መያዝ ነው። ንጹሕ አልኮል ባሕር ጠለል ላይ በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ነገሌ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ ራሱ ወደ 93 ዲግሪ ሲጠጋ ይፈላል። የሴትየዋ ሙያ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ነገር ያለ ቴርሞሜትር መጠበቅ ነው። እሳቱ ከበዛ ውኃው ከአልኮሉ ጋር ተግተልትሎ ይመጣል፤ ይባስ ብሎ ድፍድፉ ከታች ያርራል። ያረረ ድፍድፍ ሽታው በምንም አይወጣም።

መጀመሪያ የሚንጠባጠበው የመጠጡ ራስ ነው፤ ኃይለኛ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት። መሐል ላይ የሚመጣው ልቡ ነው። መጨረሻ ላይ አልኮሉ እየሳሳ፣ ውኃው እየበዛ፣ እርጥብ ጨርቅ የሚመስል ሽታ ይከተላል፤ ይህ ጅራቱ ነው። ትልልቆቹ የውስኪ ቤቶች ራሱንና ጅራቱን ለይተው መልሰው ያፈሉታል። በቤት ግን ሁሉም አንድ ዕቃ ውስጥ ከገባ መጠኑ ይበዛል፣ ጥራቱ ይወርዳል። አንዲት ሴት የመጀመሪያውን ስኒ ብትደፋ ገንዘቧን ደፋች ማለት ነው፤ ጀሪካኑን የሚገዛው ነጋዴ ደግሞ ለዚያ ተጨማሪ ሳንቲም አይከፍላትም።

እንዲህ አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። እንደገና ተጥዶ የወጣው ዳግም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት የተራውን አማካይ የአልኮል መጠን 34 በመቶ፣ የዳግሙን 46 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ውስኪ ብዙ ጊዜ 40 እና 43 ስለሆነ ዳግም አረቄ ከእሱ ይበረታል ማለት ነው። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ ዳግም ውስጥ 18 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ፤ በአንድ ጠርሙስ ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ያለው ግን 13 ግራም ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት «አንድ ለጉሮሮ» የሚሉ ወዳጆቻችን ይህችን ስሌት ቢያዩዋት ደግ ነው።

ለምን ነገሌ?

አንድ ከተማ በአንድ መጠጥ ስሙ የሚነሳው ብዙ ነገር ሲገጥም ነው። ነገሌ በምሥራቅ በኩል ስንዴና ገብስ የሚበቅልበት ደጋ አላት፤ በታች ቆላማው የበቆሎ አገር ነው። ወደ ደጋው ሲወጡ የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን፣ ወደ ሐይቆቹ ሲወርዱ የግራር ጫካው አለ፤ ማገዶ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርደው ዋና መንገድ በመሐሏ ያልፋል። እህል፣ ማገዶና መንገድ በአንድ ቦታ ተገናኙ።

በዙሪያዋ ያለው ገጠር በአብዛኛው ሙስሊም መሆኑም አንድ ነገር ይነግረናል። አረቄው ለአካባቢው ጠጪ ታስቦ የሚሠራ አይደለም፤ እንደ ቡና ወይም እንደ በርበሬ ተጭኖ የሚሄድ የገበያ ሸቀጥ ነው። የሚያወጡትም ሴቶች ናቸው። ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ወይም የባሏ ደሞዝ ወር የማይደርስላት ሴት ብዙ ካፒታል ሳትጠይቅ የምትገባበት ሙያ ነው። ትርፉ ስስ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ትርፉ ያለው ከአረቄው ይልቅ ከአተላው ነው፤ ከማሰሮው በታች የሚቀረው አተላ ለከብት ማድለቢያ ይሸጣል ወይም ጓሮ ላለችው ላም ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ መለኪያ የሚያነሳው ሰው በዚሁ ወንዝ ማዶ የሚደልብ በሬ እንዳለ አያስብም።

አሁን ወደ ማገዶው እንምጣ፤ የነገሌ አረቄ ትልቁ ዕዳ እሱ ነውና። እስቲ አብረን እናስላ። 20 ሊትር ድፍድፍ አፍልቶ 3 ሊትር ተራ አረቄ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሙቀት በፊዚክስ ሕግ ቢሰላ ከአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ያነሰ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ከእንጨቱ ሙቀት ማሰሮው ውስጥ የሚገባው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ቀሪው ግድግዳውንና የሴትየዋን ፊት ያሞቃል። ስለዚህ አንድ ኪሎ የነበረው ሰባት ስምንት ኪሎ ይሆናል። ይህ የቂጣውን ማገዶ ሳይጨምር ነው፤ ዳግም ከተባለ ደግሞ እንደገና እሳት አለ። ስሌቱ የእኔው ግምታዊ ስሌት ነው፤ ግን ለአንዲት ሊትር ከሁለት ኪሎ በላይ እንጨት እንደሚነድ ለማየት ይበቃል። ይህን በከተማዋ ባሉት ጓዳዎች ሁሉ፣ ሳምንት እስከ ሳምንት አባዙት። የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራር እየሳሳ መሄዱ የአረቄ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከሰሉም፣ እርሻውም፣ ግጦሹም አለበት። አረቄው ግን ንጹሕ ነኝ ማለት አይችልም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። እሳቱን ከቦ የሚይዝ የተሻሻለ ምድጃና ጭስ ማውጫ ቱቦ ማገዶውን በግማሽ ቢቀንሰው ሁለት ነገር ይተርፋል፤ ዛፉና የሴትየዋ ዓይን። እንግዳ ሆኖ አረቄ የሚወጣበት ጓዳ ለአሥር ደቂቃ የተቀመጠ ሰው የምለው ይገባዋል።

ዓይን ያጠፋል?

ብዙ የተማረ ሰው አረቄን የሚሸሸው «ሜታኖል አለው፣ ዓይን ያጠፋል» ብሎ ነው። ሜታኖል እውነትም መርዝ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ነገር ግን በመፍላት ጊዜ ሜታኖል የሚገኘው በዋናነት በፍራፍሬ ውስጥ ከሚበዛው ፔክቲን ነው፤ እህል ውስጥ ፔክቲን ጥቂት ስለሆነ ከእህል በወጣ አረቄ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል አነስተኛ ነው። በዓለም ላይ በአንዴ ብዙ ሰው የሚጨርሰው የሜታኖል አደጋ ባመዛኙ የሚመጣው ለፋብሪካ ሥራ የተሠራውን ሜታኖል ሰዎች ከመጠጥ ጋር ሲቀላቅሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢራን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሞቱት በሜታኖል ነበር።

እንግዲህ የሚያስፈራው የነገሌዋ እናት ማሰሮ ሳይሆን በማሰሮውና በመለኪያው መካከል ያለው መንገድ ነው። ጀሪካኑ ስንት እጅ እንዳለፈ፣ በመሐል ውኃ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ አልኮል እንደተጨመረበት የሚያውቅ የለም። መለያ የሌለው ዕቃ ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው፤ ያጭበረበረውም ሰው «የነገሌ ነው» ይላል።

እንዴት ይቀመስ?

መለኪያዋን እንተዋት። እስከ አፏ የተሞላች ጠባብ መለኪያ ለመጨለጥ እንጂ ለማሽተት አልተሠራችም። የወይን ብርጭቆ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል፤ ሩቡን ብቻ ቅዱ።

መጀመሪያ በብርሃን ይታይ። ጥሩ አረቄ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ደፈረስ ያለ ከሆነ ጅራቱ በዝቶበታል ወይም ድፍድፉ ገንፍሎ በቱቦው አብሮ ወጥቷል። ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጋችሁ አረፋውን ተመልከቱ። በበረታ አረቄ ላይ የሚነሳው አረፋ እንደ ጨሌ ተደርድሮ ጥቂት ይቆያል፤ በሳሳው ላይ ወዲያው ይጠፋል። እንግሊዞች ለዚሁ ጉዳይ ባሩድ ይጠቀሙ ነበር ይባላል። ሩም የራሰ ባሩድ እሳት ሲነካው ከተቀጣጠለ ሩሙ ደረጃውን አልፏል፤ ዛሬም ጠርሙስ ላይ የምናየው «ፕሩፍ» የሚለው ቃል ከዚያው ሙከራ የቀረ ነው፤ መቶ የእንግሊዝ ፕሩፍ ማለት 57 በመቶ ገደማ አልኮል ነው። አረፋው ባሩዱን ይተካል፤ ጣሪያም አያቃጥልም።

ከዚያ ማሽተት። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ፤ 40 በመቶ የሆነ ነገር ቢያቃጥል ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ከአገጭ በታች ያዙትና ሽታው ራሱ ይምጣ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቀድሞ ከመጣ ራሱ አልተለየም። የሆምጣጤ ሽታ ድፍድፉ ማለፉን ይናገራል። የፕላስቲክ ወይም የዘይት ሽታ የጀሪካኑ ነው፤ በሴትየዋ አታሳብቡ። (እኔ በመጀመሪያው ግዢዬ ያገኘሁት ጎልቶ የሚሸት የምግብ ዘይት ነበር። ሻጩ «የነገሌ ጠባዩ ነው» ብሎኝ ለወራት አምኜው ኖሬያለሁ።) እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ቀስ ብሎ የቂጣ ሽታ፣ የተቆላ እህል፣ ትንሽ ጭስ ይመጣል። ሁለት ጠብታ መዳፍ ላይ አሽቶ አልኮሉ ሲበርር የቀረውን ማሽተትም ይቻላል፤ የእህሉ ሽታ እዚያ ላይ ይበልጥ ይገለጣል።

ሲቀመስ ከግማሽ ማንኪያ አይብለጥ። ምላስ ላይ ይዛችሁ ቆዩ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩና እንደገና ቅመሱ። ውኃ መጨመር ወንድነት ማጣት የሚመስለው ጓደኛ ካላችሁ የስኮትላንድ ቀማሾች ለሥራቸው ውስኪውን በውኃ ቀጥነው እንደሚቀምሱ ንገሩት። አልኮሉ ገለል ሲል የበቆሎው ጣፋጭነትና የስንዴው ለስላሳነት ይለያል። ውኃ ሲነካው እንደ ወተት ከነጣባችሁ ግን አኒስ ያለበት የፋብሪካ መጠጥ ነው፤ ካቲካላ እንዲያ አይሆንም። መጨረሻ ላይ ከዋጣችሁ በኋላ የሚቀረውን ጠብቁ። ጥሩው ሞቅ አድርጎ እህል እህል እያለ ይጠፋል፤ መጥፎው ጉሮሮ ላይ ይንጠለጠላል።

ተራውንና ዳግሙን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው አንድ ያልጠበቀውን ያገኛል። ዳግሙ የበረታ ነው፣ የጠራ ነው፤ ግን የእህሉ ጠባይ ቀንሷል። በደንብ የተሠራ ተራ አረቄ ለቀማሽ የበለጠ ያወራል። እኔ ተራውን እመርጣለሁ፤ በዚህ ከብዙ ጠጪ ጋር አንስማማም።

ስሙ የማን ነው?

አረቄን መናቅ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1751 ሆጋርት የተባለው የለንደን ሠዓሊ ሁለት ሥዕሎች አሳተመ። «የቢራ ጎዳና» ላይ ሰዎቹ ደልበው፣ ሠርተው፣ ተደስተው ይታያሉ። «የጂን መንደር» ላይ ግን የሰከረች እናት ልጇ ከእጇ ሲወድቅ አታይም። በዚያው ዓመት ፓርላማው የጂንን ገበያ የሚገታ ሕግ አወጣ። ዛሬ ያ ጂን የሆቴል መደርደሪያ ጌጥ ነው። ስኮትላንድም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1494 ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሚገኘው የብቅል አረቄያቸው ለረጅም ዘመን በየሸለቆው በድብቅ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1823 የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ፈቃዱን አቀለለው፣ ቀረጡን ቀነሰው፤ በዓመቱ ግሌንሊቬት ፈቃድ አወጣ። ውስኪ ከሸለቆ የወጣው ያኔ ነው።

የኤሉን ነገር ያዳኑት ደግሞ ጠጪዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጥቂት እንግሊዛውያን በበርሜል ውስጥ መብላላቱን የሚቀጥለው የጥንቱ ኤል በፋብሪካ ጋዛም ቢራ ሊዋጥ ነው ብለው ካምራ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። የት ጥሩ ኤል እንደሚገኝ የሚናገር መጽሐፍ በየዓመቱ ማሳተም ጀመሩ። ሥራቸው በዋናነት መቅመስና መጻፍ ነበር።

እኛም ስምን ማስመዝገብ አናውቅም አይባልም። የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስም ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት መቋጨቱን አንባቢ ያስታውሳል። «የነገሌ አረቄ» የሚለው ስምም ገበያ ላይ ዋጋ አለው። ግን ዋጋውን የሚበላው ማን ነው? ጫኙና አከፋፋዩ እንጂ አውጪዋ አይደለችም።

የእኔ ስጋት ከዚህ ይጀምራል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ኤል የሚጠምቁት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ሆፕ የገባበት ቢራ ሲመጣ መጠጡ ብዙ ጊዜ የሚቆይ፣ ርቆ የሚጫን ሆነ፤ ትልቅ ጋንና ትልቅ ገንዘብ ጠየቀ። ጁዲት ቤኔት የተባለች የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1300 እስከ 1600 ያለውን መዝገብ አገላብጣ እንዳሳየችው፣ በመጨረሻ ሙያው የወንዶች ሆነ፤ ሴቶቹ ወጡ። እኛም ዘንድ ፈቃድ፣ ላቦራቶሪና መለያ ቢመጣ፣ ፈቃዱን የሚያወጣው ገንዘብ ያለው ሰው ይሆንና ነገሌ ላይ አንድ ፋብሪካ ይቆማል፤ ጠርሙሱ ላይ የማሰሮ ሥዕል ይለጠፋል፤ ማሰሮ የነበራቸው ሴቶች እዚያው ጠርሙስ አጣቢ ሆነው ይቀጠራሉ። ይህ እንዳይሆን ስሙ የሚመዘገበው በአውጪዎቹ ሴቶች ማኅበር መሆን ይኖርበታል። ጥራቱም በጋራ ይለካል፣ ምድጃውም በጋራ ይሠራል። የአልኮል መጠን የሚለካው የብርጭቆ መሣሪያ ውድ ነገር አይደለም፤ አንዱ ለአንድ ሠፈር ይበቃል።

ሕጉ እስኪመጣ ግን ገዢው አራት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ከምን እህል ነው? ተራ ነው ዳግም? መቼ ወጣ? ማን አወጣችው? የአዲስ አበባ ቸርቻሪ የመጨረሻውን ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል። ነገሌ ወርዶ ከባለሙያዋ እጅ በጠርሙስ የገዛ ሰው ግን መልሱን ሁሉ ይዞ ይመለሳል።

እኔ ቤት አንድ የነገሌ ጠርሙስ አለ። ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፤ «በቆሎና ስንዴ፣ ተራ፣ ጥር»፣ ከሥሩም ያወጣችው ሴት ስም። እንግዳ ሲመጣ ከውስኪው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያነሱት ውስኪውን ነው፤ ጥቂት ቆይተው ፕላስተሩን ያነቡና «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ።